ዕቃዎን ከትሪው ይውሰዱ

ሆስፒታሉ ውስጥ «ድንጋዩ የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የጥበቃው ሰው ሳይቀር በጣቱ ወደ ምድር ቤት ያመለክታችኋል። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ያ እንደ ካዝና የከበደ በር ያለው ክፍል ውስጥ፣ የሰው ጭንቅላት በኤምአርአይ ማሽን የሚያነሳው ሰውዬ ነው። ስሙን ያወጡለት ነርሶቹ ናቸው። ሚስቱ ስትሰማ «ገና አሁን ነው እንዴ የነቁት?» አለች አሉ።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። አይሳደብም፣ አይቆጣም፣ ተራ አያዛባም፣ ለትልቁም ለትንሹም ያው ነው። ነገሩ ፊቱ ላይ ነው። ያ ፊት ሲስቅም ሲያዝንም ያየው የለም። ቀልድ ሲነገረው እስከ መጨረሻው ያዳምጥና «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። ለእንዲህ ያለ ሰው ማን ሁለተኛ ይቀልዳል?

ግን እስቲ ፍረዱ። ይህ ሰው ከወጣትነቱ ጀምሮ ጸጉሩ እስኪሸብት፣ ከመስታወት መስኮት ወዲህ ተቀምጦ የሰው ጭንቅላት ውስጥ ሲያይ ነው የኖረው። ራስ ምታት ያስቸገረው ይመጣል፣ አንድ ዓይኑ የፈጠጠ ይመጣል፣ ጉንጩ ላይ ወይ ማጅራቱ ላይ እብጠት ያወጣ ይመጣል። አብዛኛው ምንም የለበትም፤ ደንግጦ ይመጣል፣ እፎይ ብሎ ይሄዳል። አልፎ አልፎ ግን ያቺ የማትፈለገዋ ትመጣለች። ከአንጎልም ያልሆነች፣ ከአጥንትም ያልሆነች፣ በጡንቻና በስብ መሀል ተደብቃ የምታድግ፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው መጽሐፍ ካልገለጡ ስሟ የማይመጣላቸው እብጠት። እሷን መጀመሪያ የሚያያት ማን ነው? ሐኪሙ እንዳትሉ። ድንጋዩ ነው። ታማሚው እዚያ ማዶ ተጋድሞ «ምናለ ቶሎ ቢጨርስና ሥራዬ በሄድኩ» እያለ ሲያስብ እሱ አይቶ ጨርሷል።

አይቶ ደግሞ አይናገርም። የሙያው ሕግ ነው። የሚያነሳው ያነሳል፣ የሚያነበው ያነባል፣ የሚናገረው ይናገራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ባልተጣራ ነገር ሰው አይገደልም። ስለዚህ ገና ጀማሪ ሳለ ፊቱን ዝም ማለት አስተማረው። ሲጨርስ ይገባል፣ አልጋውን ይስባል፣ የታማሚው ፊት ላይ የገጠመውን ማቀፊያ ያነሳል፣ ከዚያ ሰዓቱ፣ ቀለበቱ፣ የጸጉር ማስያዣው ሁሉ ወደተቀመጠበት ሰማያዊ ትሪ በአገጩ ይጠቁማል። «ዕቃዎን ከትሪው ይውሰዱ። ውጤቱን ሐኪሙ ይነግርዎታል።» በቃ። ንጉሥ ቢመጣ ከዚህ ሌላ ቃል አያገኝም።

ችግሩ ፊት ብቻውን አይደነዝዝም። ድንዛዜው ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ገባ። የእህቱ ባል በሞተ ጊዜ፣ ያ እንደ ታላቅ ወንድም የሚያየው ሰው፣ መቃብሩ ዳር ቆሞ የአፈሩን ቀለም ሲያጠና ነበር። ቤቱ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ለሚስቱ «ምንም አይሰማኝም እኮ» አላት። ፈርቶ ነበር፤ እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ በጣም ፈርቶ ነበር። ሚስቱ ግን የፈራ ፊት ስላላየች «ድሮስ?» ብላው ወደ ጓዳ ገባች።

በዚህች ምድር ላይ ይህን ሰው ድንጋዩ የማትለው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ታላቅ እህቱ። እሱ እታለም ይላታል፣ እሷ ማሙሽ ትለዋለች። ሽበቱን እያየች፣ ማሙሽ! እናታቸው ስትሞት እሱ የጫማውን ክር ማሰር እንኳ የማያውቅ ልጅ ነበር። በልብስ ስፌት መኪና ያሳደገችው እሷ ናት። ምላሷ እንደ መርፌዋ ነው፤ ይወጋል፣ ግን ይሰፋል። በሰፈሩ ጭንቅላቱን ያመመው ሁሉ አስቀድሞ የሚሄደው እሷ ቤት ነው። «ወንድምሽ ጋ ውሰጂን» ይሏታል። ትወስዳቸዋለች። ቦርሳቸውን ታቅፋ ደጅ ትቀመጣለች፣ ያ ከባድ በር ሲከፈት ደግሞ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ ታያለች። ባሏንም ያመጣችው እንዲሁ ነው።

እንግዲህ አንድ እሁድ አምፖል ሊቀይርላት ቤቷ ሄደ። በርጩማ ላይ ቆሞ ሳለ ሻሿን ከጆሮዋ ፊት ገለጥ አደረገችና «እስቲ እዚህች ጋ ንካኝ፤ ምን ይሆን?» አለችው። ከበርጩማው ሳይወርድ ጎንበስ ብሎ ቆንጆ አድርጎ በአውራ ጣቱ ተጫናት። የሽምብራ ፍሬ እንኳ የማታክል... አይ፣ አሳነስኳት፣ የለውዝ ፍሬ ታክላለች። ለስላሳ ናት፣ ከቦታዋ ሸርተት ትላለች።

«ስብ ነው። ተይው» አላት፣ አምፖሉንም ገጠመ።

አይ ሰው! ሙያውን የሚያስተምራቸውን ልጆች «ሳታይ አትናገር» እያለ መከራ የሚያበላ ሰው የገዛ እህቱን በአውራ ጣቱ አያት። የባለሙያ በሽታ ናት ይህቺ፤ ብዙ ያየ ሰው ሳያይም ያየ ይመስለዋል። ጎረቤት ብትሆን ኖሮ «ነገ ይምጡና ላንሳዎት» ይላት ነበር። እሷ ደግሞ ማሙሽ ካለ አለቀ። ሰው «ምንድን ነው ይሄ ነገር?» ሲላት «ስብ ነው፤ ወንድሜ የጭንቅላት ሰው ነው፣ ነግሮኛል» እያለች አፉን ታስይዘው ነበር።

ዓመት አለፈ፣ ሌላ ዓመት ተከተለ። እታለም ሻሿን በአንድ በኩል ዝቅ አድርጋ ማሰር ጀመረች። ስታኝክ መንጋጋዋን ያማት ጀመር። በመጨረሻ አንድ ቀን ስፌቷ ላይ ተቀምጣ ክር በጥርሷ መበጠስ አቃታት፤ ያኔ ነው ልጇ አይታ እየጎተተች ሐኪም ቤት የወሰደቻት። ቀዶ ሐኪሙ ዳሰሳት፣ አፍሽን ክፈቺ አላት፣ አፏ ግማሽ ድረስ ብቻ ተከፈተ። «ይህ ነገር በኤምአርአይ መታየት አለበት» አለ። ስብ ነው ስትለው «ማን ነው ያለው?» ብሎ ጠየቃት። እሷ ሻሿን መልሳ አሰረች።

እንግዲህ በቀጠሮዋ ቀን ጠዋት ድንጋዩ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላ ሰው ቦርሳ ሳትይዝ፣ የራሷን ብቻ አቅፋ።

«እታለም፣ ሌላ ባለሙያ ያንሳሽ» አላት።

«ምን ሲደረግ! ሰፈሩን ሁሉ አምጥቼልህ፣ የኔ ተራ ሲደርስ ለባዳ ትሰጠኛለህ?»

«እንደዚያ ሳይሆን...»

«ስማኝ ማሙሽ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። ስብ ከሆነ ስብ ነው በለኝ። ካልሆነም ካንተ ልስማው። የእነዚህ ሐኪሞች ነገር ዙሪያ ጥምጥም ነው፣ አይገባኝም።»

«እኔ አልናገርም። ሥራዬ ማንሳት ነው፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ አንተ አትናገርም» አለችና ፈገግ አለች። ፈገግታዋ አልገባውም፤ ብዙ ነገር ስለማይገባው አለፈው።

ክፍሉ እንደወትሮው ይበርዳል። ብረት ያለበትን ሁሉ አውልቂ አላት። ቀለበቷን አወለቀች፣ የሻሿን መርፌ ነቀለች፣ ባለ ክሩን ሸራ ጫማዋን ወንበሩ ሥር አስቀመጠች። ሎቲዎቿ ግን አስቸገሯት። በጠመዝማዛ የሚዘጉ ትንንሽ የወርቅ ሎቲዎች ናቸው፣ ባሏ የሰጣት፤ ካደረገቻቸው ጊዜ ጀምሮ አውልቃቸው አታውቅም። እንደምንም ፈትታ ትሪው ላይ ጣል ስታደርጋቸው ጠብ ጠብ አሉ።

«የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው እንዴ የሚመስለው? ኋላ ጨምቀህ እንዳታወጣኝ!»

«እንዳትንቀሳቀሺ። ከጨነቀሽ ይህቺን ጭመቂ፣ እኔ ጋ ይጮሃል» ብሎ የላስቲክ ደወሏን እጇ ላይ አደረገላት፣ ጆሮዋን ደፈነላት፣ ማቀፊያውን ፊቷ ላይ ገጠመ። በማቀፊያው ፍርግርግ መሀል ዓይኖቿ ታዩት። ከሌላ ታማሚ ዓይን የሚለዩ አልመሰሉትም፤ ይህም አሳፈረው።

ከመስታወቱ ወዲህ መጥቶ ተቀመጠ። ማሽኑ መጮህ ጀመረ። የመጀመሪያው ሥዕል ሲመጣ እብጠቷ ነጭ ነበረች። በዚያ ሥዕል ላይ ስብም ነጭ ነው፤ ከቆዳ ሥር ያለው፣ ከዓይን ኋላ ያለው፣ ሁሉም ነጭ። ስለዚህ ገና ምንም አልታወቀም። ቀጥሎ የሚመጣው ነው ዳኛው። ሙያተኞቹ «ስብ አጥፊው» የሚሉት ሥዕል አለ፤ ማሽኑ የስብን ብርሃን ለይቶ ያጠፋዋል። እውነተኛ ስብ ከሆነ እብጠቷም ከሌላው ስብ ጋር አብራ ትጨልማለች። የጨለመች እንደሆነ እታለም ቤቷ ሄዳ ክሯን በመቀስ እየቆረጠች ዕድሜዋን ትኖራለች። ካልጨለመች ሌላ ነገር ናት።

ቁልፉን ተጫነ። «ጥፊ» አለ በሆዱ። በሆዱ ምኞት ከተናገረ ስንት ጊዜው!

ሥዕሉ መጣ። ከቆዳዋ ሥር ያለው ስብ ጨልሟል። ከዓይኗ ኋላ ያለው ጨልሟል። እብጠቷ ግን በጨለማ ቤት እንደ በራ አምፖል ቦግ ብላ ቀርታለች። ብቻዋንም አይደለችም፤ ከጉንጭ አጥንቱ ሥር ሾልካ፣ ማኘኪያውን ጡንቻ ሰንጥቃ ወደ ታች ወርዳለች። በአውራ ጣት የተነካችው ጫፏ ብቻ ነበረች።

ምንም አልተሰማውም። እጁን አየ። ቁልፉ ላይ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ መሰለው። ቀጣዩን ሥዕል አዘዘ፣ ከዚያም ቀጣዩን። ከዚያ ስልኩን አንስቶ የራዲዮሎጂ ሐኪሟን ጠራት።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጁ ልትሆን የምትችል ናት፣ ጋሼ ነው የምትለው። ቆማ አየች፣ ወንበር ስባ ተቀምጣ አየች።

«ስብ አይደለም፣ ጋሼ።»

«አይደለም።»

«ወደ ጡንቻው ገብቷል። እንዲህ ያለ ነገር እኔ ከመጽሐፍ ውጭ አላየሁም። ናሙና ሳይወሰድ ስም ልሰጠው አልችልም፤ ግን መልኩ አላማረኝም።» ከዚያ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን የአባት ስም አይታ ወደ እሱ ዞረች። «ውይ። የሚዛመዷት ነች እንዴ?»

«እህቴ ናት።»

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። «ነገ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ሆነን እንነግራታለን። በአንዴ፣ ምን እንደሚደረግ ጭምር። ዛሬ እርስዎ ምንም አይበሏት። ይችሉታል?»

«እችለዋለሁ» አለ። ይህንማ እንደሱ የሚችል ከየት ይገኛል!

በሩን ከመግፋቱ በፊት በመስታወቱ ላይ ፊቱን አየ። ደህና ነው። ገባ፣ አልጋውን ሳበ፣ ማቀፊያውን አነሳ፣ ጆሮዋን ከፈተላት። ተነሥታ ቁጭ አለች፣ ሻሿን እያስተካከለች ዓይን ዓይኑን ታየው ጀመር። እንደዚያ አተኩራ አይታው አታውቅም። እሱ በአገጩ ወደ ትሪው ጠቆመ።

«ዕቃሽን ከትሪው ውሰጂ። ውጤቱን ሐኪሟ ትነግርሻለች።»

ድምፁ አንድም ቦታ አልተሰበረም። ከዚያን ቀን በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ አሳምሮ ብሎት አያውቅም።

እታለም ጭኗን መታ መታ አድርጋ ሳቀች። «እሰይ! እሰይ የኔ አባት! ተመስገን!» ከአልጋው በካልሲዋ ወረደች። «ስብ ናት! ይህን ሁሉ ቀን እንቅልፍ የነሳችኝ፣ ስብ!»

«ማን አለሽ?» አለ ድንጋዩ።

«አንተ ነሃ!»

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ያሉት እውነታቸውን ነው» አለችና ትሪው ላይ ጎንበስ ብላ ሎቲዎቿን መፈለግ ጀመረች። «ዕድሜ ልክህን የሠራኸውን አታውቀውም? ስንቱን ሰው አምጥቼ እዚያ ደጅ የተቀመጥኩ ይመስልሃል? ደህና ከሆነ በአገጭህ ነው፤ ዕቃህን አንሣ፣ ሂድ። ነገር ካለ ግን ትሪውን አንተ ታነሣለህ። አንድ በአንድ በእጅህ ትሰጣለህ። ያቺን ከላይ ቤት የነበረችውን ልጅ፣ ሐብሏን አንተ ነህ ከኋላዋ ዞረህ የቆለፍክላት። ሁለት ክረምት አልቆየችም። አናጢውን መነጽሩን አጥበህ ሰጠኸው። የኔን...» አንዷን ሎቲ አገኘች፣ ወደ ጆሮዋ ወሰደች። «የኔን ሰውዬ ሰዓቱን አሰርክለት። አልበቃህ ብሎ ተንበርክከህ ጫማውን አሰርክለት። በበሩ ክፍተት አየሁህ። ሐኪሙ አስጠርቶ ሲነግረን እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሼ ጨርሼ ነበር።»

ድንጋዩ ቆሞ ቀረ። ሐብል ቆልፎ? መነጽር አጥቦ? አንዱም ትዝ አላለው። የእህቱ ባል ጫማ ግን ድንገት መጣበት፤ ቡናማ ነበር፣ የግራው ክር ጫፉ ተበጣጥሶ ቀዳዳው አልገባ ብሎት ነበር።

«ለማንም አልተናገርኩም» አለች እታለም፣ የመጀመሪያዋን ሎቲ እያጠበቀች። «ብትሰማ ትተወዋለህ ብዬ ነው፤ እነሱም ያቺ እጅህ ትቅርባቸው? ሆድ ይፍጀው አልኩ። ዛሬ ግን ለራሴ ጠቀመችኝ። በል ልውጣ፣ ቦርሳዬን አምጣልኝ፣ ልጄ ጋ ልደውል። ስታለቅስ ነው ያደረችው፤ ስብ ነው ልበላት።»

ያኔ ገባው። በዕድሜ ልኩ ጥበብ የሠራው ያ ያማረ ፊት ዋሽቷል። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ለሁለተኛ ጊዜ ስብ ነው ብሏታል።

ነገ ይነግሯታል፤ ሐኪሟ አንድ ቀን ነው የለመነችው። አንድ ቀን ደስ ብሏት ብትውል ምን አለበት? ይህንን አሰበ፣ አልዋሽም፣ በደንብ አሰበው። ግን ልጇን ታስደስታለች፣ ልጇ ዘመድ ታስደስታለች፣ ነገ ያ ሁሉ በላይዋ ይፈርሳል። ደግሞም ጠዋት የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካንተ ልስማው ነው ያለችው። ሁለተኛዋ ሎቲ አሁንም አስቸገረቻት። ያበጠው በዚያ በኩል ነው፣ እጇ እየተንሸራተተ ጠመዝማዛው አልይዝ አላት።

«ኤጭ! ይቺ ደግሞ...»

«አምጪያት፣ እታለም» አለ።

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ እጇ ቆመ።

ሎቲዋን ከጣቶቿ መሀል ወሰዳት። ሻሿን ገለጥ አደረገ። ጠመዝማዛውን ይዞ ቀስ ብሎ አዞረ፤ የእጁ ጀርባ እብጠቷን ነካ፣ ሙቅ ነበረች። እሷ ራሷን ወደ ትከሻዋ ዘንበል አድርጋ ቆመችለት። ማሽኑ ብቻ እንደ ልማዱ ጭው ጭው ይላል።

«ስብ አይደለችም?» አለች በመጨረሻ።

«አይደለችም፣ እታለም።»

«ያን ጊዜስ?»

«ያን ጊዜም አልነበረችም። ሳላይ ነው የተናገርኩት።»

 ብትሰድበው፣ ብትመታው፣ ይሻለው ነበር። ተራመደችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ግድግዳውን አየች፣ ትሪውን አየች። ቀለበቷ ገና እዚያ ነበር። አነሣና ጣቷ ላይ አደረገላት፤ እጇን አልነሳችውም። ከዚያ በካልሲ ያለ እግሯን ቀስ ብላ ወደ ፊት ዘረጋችለት።

«ጫማዬ ቀርቷል» አለችው።

ድንጋዩ ተንበረከከ። ጫማውን አጠለቀላት፣ ክሩን ያዘ። አንዱን ጫፍ በሌላው ላይ አሳለፈ፣ ሊስበው ሲል ሁለቱ ጫፎች አንድ ሆነው ታዩት፣ እንደገና ጀመረ፣ አሁንም ጠፉበት። ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፤ እርጥብ ነበር፤ የማን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ቆየበት። ደረቱን አመመው። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ሊያስቆመው ሞከረ፣ አልቆምለት አለ።

እታለም ጎንበስ ብላ ሽበታም ራሱን ዳበሰችው።

«ቀስ ብለህ እሰረው፣ ማሙሽ» አለችው። «ምን ያስቸኩለናል።»